ድሪሉን የገደለው የማጠቢያው ገንዳ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በባለሙያው ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። የጻፉት ኮምቦልቻ ላይ በኤሌክትሮኒክስ ጥገና የሚተዳደሩ ሰው ናቸው። ጉዳዩ የአጥንት ቀዶ ጥገና ድሪልና መጋዝ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ሆዳቸው ውስጥ ያለው ሞተር ብቻ አይደለም። ቦርድ አለ፣ ሴንሰር አለ፣ ቀጫጭን ሽቦ አለ። እርጥበት ይገባና ይህን ሁሉ ይበላዋል። ብዙ ብር የወጣበት መሣሪያ ዕድሜው ሳይደርስ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ይላል። ጸሐፊው ይህን አይተው ተቆጭተዋል። መፍትሔ ያሉትንም ዘርዝረዋል።

ቁጭቱን እጋራቸዋለሁ። እኔም ደሴ ላይ የሕክምና መሣሪያ በመጠገን ነው የምኖረው። በ2014 ጦርነት የአካባቢያችን ጤና ተቋማት ምን ያህል ዕቃ እንዳጡ ለወሎ ሰው አይነገርም። ከዚያ በኋላ የተገኘች እያንዳንዷ ድሪል ለእኔ የዓይን ብሌን ናት። ዝም ማለት ያቃተኝም ለዚህ ነው። ከተዘረዘሩት መፍትሔዎች አብዛኞቹ መሣሪያውን ያበላሻሉ። አንዱ በሽተኛ ሊጎዳ ይችላል። አንዱ ደግሞ ያላጠፋ ሰው ያስቀጣል።

ጽሑፉን ላላያችሁት ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። «አይፒ 67» የሚል ምልክት ያለበት መሣሪያ ከተገዛ ጣጣው አለቀ ይላሉ። አሁን ያሉንን ደግሞ መገጣጠሚያቸውን በሲሊኮን እንድፈን። ውስጣቸው የሲሊካ ጄል ከረጢት እንክተት። የኦቶክሌቩን፣ ማለትም በግፊት እንፋሎት ጀርም የሚገድለውን ማሽን፣ ሙቀት ቀነስ፣ ሰዓቱንም አጠር እናድርግ። ከኦቶክሌቭ እንደወጡ በስቴራይል (ከጀርም በጸዳ) ውሃ ነክረን ቶሎ እናቀዝቅዛቸው። በመሃልም የእጅ መሰርሰሪያ ይዞ መቆየት ኋላ ቀርነት ነው ብለው ያልፋሉ። መደምደሚያቸው ግን ከሁሉም ይከብዳል። ውሃ የሚያስገቡት የማጠቢያ ክፍል ሠራተኞች ናቸው፣ መሣሪያ በተበላሸ ቁጥር ከደመወዛቸው ይቆረጥ ይላሉ።

በቅደም ተከተል አልሄድም። መጀመሪያ ውሃው በየት እንደሚገባ እንነጋገር። እሱ ካልጠራ ሌላው ሁሉ ግምት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሆስፒታል ተደወለልኝ። የባጃጅ አደጋ የደረሰበት ልጅ የጭን አጥንቱ እየተሠራለት ነበር። ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ድሪሉ ቆመ። ሐኪሙ ጣታቸውን ከማስነሻው ምላጭ ላይ አነሱ። ትንሽ ቆይቶ ድሪሉ ማንም ሳይነካው በራሱ መዞር ጀመረ። እንደ ዕድል ሆኖ ጫፉ ከአጥንቱ ወጥቶ ነበር። ሐኪሙ ባትሪውን ነቅለው ቀሪውን በእጅ መሰርሰሪያ ጨረሱት። ልጁ ደህና ነው፣ አሁን በእግሩ ይሄዳል።

ድሪሉን ለእኔ ሲሰጡኝ «የማጠቢያ ክፍሏ ሴት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋው ነው» ብለውኝ ነበር። ከፈትኩት። ክዳኑ ውስጡ አልቦታል። ቦርዱ ላይ የመዳብ መስመሮቹ አረንጓዴ ሆነዋል። በአንድ ቺፕ ሁለት እግሮች መካከል ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተጋግሯል። በአጉሊ መነጽር ሳየው ደግሞ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው የተዘረጋ ቀጭን የብረት ክር አለ። ድሪሉን በራሱ ያስነሳው እሱ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር አላየሁም። የሳሙና ዝቃጭ የለም። የደም እድፍ የለም። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ የሚተወው ኖራ የመሰለ ነጭ ክብ የለም። ክዳኑ ላይ የነበረው ጠብታ ጥርት ያለ ነው። የማጠቢያ ውሃ እንዲህ አይሆንም። ያ ውሃ ወደ ድሪሉ የገባው እንፋሎት ሆኖ ነው። ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ውሃ የሆነው።

እንጀራ ሲጋገር የአክንባሎውን ውስጥ አስቡት። ማንም ውሃ አላፈሰሰበትም። ግን ሲነሳ ይንጠባጠባል። የድሪሉም ነገር ይኸው ነው። ቫኪዩም ያለው ኦቶክሌቭ መጀመሪያ አየሩን ይስባል። የድሪሉ ውስጥ አየርም በትንሿ ቀዳዳ አብሮ ይሳባል። ከዚያ እንፋሎት ይለቀቃል። ይህ መሳብና መልቀቅ በአንድ ዙር ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 4 ጊዜ ይደገማል። በ134 ዲግሪ የእንፋሎቱ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው የአየር ግፊት 3 እጥፍ ያህል ነው። መገጣጠሚያውን የሚዘጋው ጎማ፣ ጎሚኒው፣ አንዴ ወደ ውጭ ይሳባል፣ አንዴ ወደ ውስጥ ይገፋል። ጠብታ ውሃ የማታልፍበት ክፍተት ለእንፋሎት ሰፊ በር ነው። ዙሩ ሲያልቅ መሣሪያው ይቀዘቅዛል። እንፋሎቱ ውሃ ይሆናል። ውሃው ግን በገባበት አይወጣም።

ይህን ለተማሪዎች ስነግራቸው ሁሌም የሃይላንድ ጠርሙስ ምሳሌ እሰጣለሁ። ደሴ ላይ ውሃችሁን ጠጡና ባዶውን ጠርሙስ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉት። ሚኒባስ ተሳፈሩ። የዶሮ መዝለያን ቁልቁለት ጨርሳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ የጠርሙሱ ጎን ወደ ውስጥ ገብቷል። ማንም አልጨመቀውም። የወረዳችሁት ከ600 ሜትር ብዙም ያልበለጠ ከፍታ ነው። ኦቶክሌቭ ውስጥ ያለው የግፊት ልዩነት ከዚህ በስንት እጥፍ ይበልጣል። የድሪሉ ጎሚኒ ይህን በየቀኑ ይሸከማል።

አሁን ወደ «አይፒ 67» እንምጣ። ጸሐፊው ትልቁን ተስፋ የጣሉት እዚህ ላይ ነው። ብዙ ግዢ ክፍልም እንደሳቸው ያስባል።

ምልክቱ ውሸት አይደለም። የሚለው ግን ሌላ ነው። 6 ቁጥሩ አቧራ አይገባም ማለት ነው። 7 ቁጥሩ ዕቃው 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተነክሮ የሚጎዳ ውሃ አልገባበትም ማለት ነው። ፈተናው በዚህ ያበቃል። የፈተናው ውሃ ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ነው፣ ከዕቃው ሙቀት ብዙም አይርቅም። እንፋሎት የለም። ቫኪዩም የለም። 134 ዲግሪ የለም። 100 ዙር መደጋገም የለም። ስልካችሁ አይፒ 67 ሊሆን ይችላል፤ ኦቶክሌቭ ውስጥ ግን ማንም አይከተውም። በዚያው መለኪያ ከፍ ያለው 9 ቁጥር እንኳ የሚፈትነው በ80 ዲግሪ ሙቅ ውሃ በግፊት መረጨትን ነው። እሱም ለአጭር ጊዜ።

ስለዚህ ድሪል ሲገዛ የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው። በስንት ዲግሪ፣ በምን ዓይነት ኦቶክሌቭ፣ ስንት ዙር ይችላል? ከስንት ዙር በኋላ ጎሚኒው ይቀየራል? ጎሚኒው ለብቻው ይሸጣል ወይ? ይህን በጽሑፍ የማይመልስ ሻጭ ምልክቱን ቢያሳይም ዋጋ የለውም።

ጥሩ አምራቾች ምን እንደሚያደርጉ ማወቅ ይጠቅማል። ምክንያቱም አንዳንዱ ብልሃት በዓይን ይታያል። የድሪሉን ምላጭ አስቡ። ጣት የሚስበው ነገር ከውስጡ ቦርድ ጋር በዘንግ ከተያያዘ ግድግዳው መበሳት አለበት። የተበሳ ግድግዳ ጎሚኒ ይፈልጋል፣ ጎሚኒ ደግሞ ያረጃል። ብልሆቹ ምላጩ ላይ ትንሽ ማግኔት ይተክላሉ። ከግድግዳው ጀርባ ማግኔቱን የሚያውቅ ሴንሰር ያስቀምጣሉ። ማግኔቱ ሲቀርብ ሴንሰሩ ያውቃል። ግድግዳው አይበሳም። እኔ እንዲህ ዓይነት ድሪል ስከፍት ደስ ይለኛል። የሰው ልጅ አእምሮ እንዲህ ለበሽተኛ ሲያስብ ማየት ያረካል።

ሌሎች ደግሞ ኤሌክትሮኒክሱን በሙሉ ወደ ባትሪው ክፍል ያሸሹታል። ኦቶክሌቭ የሚገባው ቅርፊቱና ሞተሩ ብቻ ነው። ባትሪውና ቦርዱ ከውጭ ይቆያሉ። ኦፕሬሽን ሊጀመር ሲል በስቴራይል ማስተላለፊያ ውስጥ አልፈው ቅርፊቱ ውስጥ ይገቡና ክዳኑ ይዘጋል። እንፋሎት ያልነካው ቦርድ በእንፋሎት አይሞትም።

ቦርዱን መሸፈንም አለ። ፓሪሊን የሚባል ሽፋን አለ። እንደ ቀለም አይቀባም። በቫኪዩም ክፍል ውስጥ እንደ ጋዝ ገብቶ በየስንጥቁ፣ በየቺፑ ሥር ሳይቀር ይለብሳል። ውፍረቱ ከፀጉር ያንሳል። ሌሎች ቦርዱን በኢፖክሲ ይሞሉታል። ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ ኢፖክሲ፣ ሲሊኮን፣ ሁሉም ቀስ እያሉ እንፋሎት ያሳልፋሉ። ከልቡ የሚከለክለው ብረት፣ መስታወትና ሴራሚክ ነው። ስለዚህ በጣም ጥንቁቅ የሆነ ዲዛይን ቦርዱን በተበየደ የብረት ሣጥን ውስጥ ይዘጋዋል። ሽቦው የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ደግሞ መስታወት ይቀለጥበታል።

የጸሐፊው ሲሊኮን እዚህ ጋ ይመጣል። ፋብሪካም ሲሊኮን ይጠቀማል አይደል? ይጠቀማል። የሚሠራው ግን ጸሐፊው ባሰቡት መንገድ አይደለም። እንፋሎት በሲሊኮን ውስጥ በቀላሉ ያልፋል። ሲሊኮን ቦርድ የሚያድነው ላዩ ላይ ክፍተት ሳይተው ስለሚጣበቅ ነው። እንፋሎት ጠብታ ለመሆን ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ባዶ ቦታ ካላገኘ ጠብታ አይሆንም። ለዚህ ግን ቦርዱ ከመሸፈኑ በፊት እጅግ ንጹሕ መሆን አለበት። የብየዳ ቅባት ወይም የጣት ላብ ከቀረበት ያ ጨው ውሃ ይስባል። ሽፋኑ ከሥሩ ያብጣል። ያ እኔ ያየሁት የብረት ክርም የሚበቅለው እዚያ ነው። ስስ ውሃ፣ ትንሽ ጨውና ጥቂት ቮልት ከተገናኙ ይበቃዋል።

የጸሐፊው ሲሊኮን ደግሞ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው ነው። ቱቦውን ክፈቱና አሽትቱት። ብዙው እንደ ኮምጣጤ ይሸታል። ሽታው እውነትም ኮምጣጤ ነው። ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቃል። ለመታጠቢያ ቤት ሰድር ችግር የለውም። የተዘጋ ድሪል ውስጥ ከመዳብ ጋር ሲታፈን ግን መዳቡን ራሱ ይበላዋል። ከውጭ መገጣጠሚያው ላይ ቢቀባም አይረዳም። ከጥቂት ዙር በኋላ ከጠርዙ ይላጣል። የተላጠው ሥር ደምና ጀርም ይደበቃል፣ ብሩሽ አይደርስበትም። ከዚያ በላይ ደግሞ ቀጥሎ የሚጠግነው ሰው ያንን ድሪል ሳይሰብር መክፈት አይችልም። እንዲህ ተደፍነው የመጡልኝን ስፍቅ ውዬ አውቃለሁ።

ስለ ጎሚኒ ከተነሳ አይቀር አንድ ልጨምር። ኦሪንግ የሚባለው ክብ ጎሚኒ ሲያልቅ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ልኩን ፈልጎ መግጠም የተለመደ ነው። ልኩ ልክ ይሆናል፤ ጎማው ግን ሌላ ነው። የመኪናው አብዛኛውን ጊዜ ናይትራይል ነው። ዘይት ይችላል፤ በእንፋሎት ግን ይደርቅና ይሰነጠቃል። እንፋሎት የሚችለው ኢፒዲኤም የሚባለው ነው። ኢፒዲኤም ደግሞ የፔትሮሊየም ቅባት አይወድም። ቫዝሊን ከቀባችሁት ያብጣል፣ ቅርፁን ያጣል። ቫዝሊን የሚቀባ ሰው ለመልካም አስቦ ነው። ግን እባካችሁ አምራቹ ያዘዘውን ቅባት ብቻ።

የሲሊካ ጄሉ ነገር ባጭሩ ያልቃል። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኘው ያ ከረጢት እርጥበት የሚይዘው ሲቀዘቅዝ ነው። ሲሞቅ ይለቀዋል። የሞላን ሲሊካ ጄል እንደገና ለመጠቀም የሚደረገው በ120 ዲግሪ አካባቢ ማሞቅ ነው። እንግዲህ ድሪል ውስጥ ከትተን 121 ወይም 134 ዲግሪ ስናስገባው የያዘውን ውሃ ቦርዱ ላይ ይለቅቃል ማለት ነው። አንዳንድ አምራቾች በታሸገ ክፍል ውስጥ ሞለኪዩላር ሲቭ የሚባል ሌላ ዓይነት ያስቀምጣሉ። እሱ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፣ ለመልቀቅ 200 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ግን መጠኑ ተሰልቶ የሚገባ ነው። ከረጢቱ ቢቀደድስ? ብናኙ ኩሺኔት ውስጥ ከገባ እንደ አሸዋ ይፈጨዋል።

በስቴራይል ውሃ ነክሮ ማቀዝቀዝ ግን እኔን ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ነጥብ ነው። ምክንያቱም ይደረጋል። በሽተኛው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሐኪሙ ቆሟል፣ ድሪሉ ገና ይፋጃል። ማን ይጠብቃል? ግን ምን እንደሚሆን እዩ። ውስጡ የታፈነው አየር ከ134 ዲግሪ ወደ 20 ዲግሪ በድንገት ሲወርድ ግፊቱ ከሩብ በላይ ይቀንሳል። እንፋሎት ካለበት ደግሞ ይባስ ብሎ ወደ ውሃ ይለወጥና ቦታውን ባዶ ያደርገዋል። ድሪሉ እንደ ሲሪንጅ ይስባል። ዙሪያው ያለው ደግሞ ውሃ ነው። እንፋሎት በብዙ ዙር የማያስገባውን ውሃ በአፍታ ሊያስገባው ይችላል። ሴላይን ከሆነማ ጨው ተጨመረበት። ጨው የገባበት ቦርድ ላይ ብዙ ተስፋ የለኝም።

መፍትሔው ሁለተኛ ድሪል ወይም የእጅ መሰርሰሪያ ዝግጁ አድርጎ መያዝ ነው። እዚህ ላይ «ኋላ ቀርነት» የሚለውን ቃል አልቀበለውም። ሳይን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ሉዊስ ዘርክል በሚባሉ አሜሪካዊ ኦርቶፔዲክ ሐኪም ተቋቋመ። የጭንና የቅልጥም አጥንት ውስጥ የሚገባ ዘንግ ይሠራል። ዘንጉ መብራት የሚፈልግ ድሪልም ሆነ የኦፕሬሽን ክፍል ራጅ ሳይኖር በእጅ መሣሪያ እንዲገባ ታስቦ ነው የተሠራው። አገራችንም ውስጥ ብዙ ሰው በዚያ ዘንግ ተራምዷል። ያቺ ልጁን ያዳነችው መሰርሰሪያም የእጅ ነበረች።

አሁን ሙቀት ይቀነስ ወደሚለው ልምጣ። ይህ የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ረጋ ብዬ ልናገር።

ሙቀት ኤሌክትሮኒክስን ያስረጃል ማለታቸው እውነት ነው። ግን ኦቶክሌቭ የሚሞቀው ለምክንያት ነው። የመንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ጀርም ስፖር ሆኖ፣ ማለትም ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ፣ የፈላ ውሃን ይቋቋማል። ለዚህ ነው 121 ዲግሪ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ፣ ወይም 134 ዲግሪ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ የሚባለው። እንደ ዕቃው ጥቅልና እንደ ኦቶክሌቩ ዓይነት ከዚህም ይረዝማል። ያልመከነ ድሪል አጥንት ውስጥ ገባ ማለት የአጥንት ኢንፌክሽን ነው። የአጥንት ኢንፌክሽን ዓመታት ይወስዳል፣ እግርም ይወስዳል። ድሪል ይተካል።

በዚህ ላይ የእኛ አገር ከፍታ አለ። ጸሐፊው ይህን ጨርሶ አላነሱትም። ደሴ ባሕር ጠለል ላይ ሆና ቢሆን ኖሮ አልከራከርም ነበር። ግን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ንፍሮ የቀቀለች እናት ታውቀዋለች። ያው ባቄላ፣ ያው ድስት፣ ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ ይልቅ ይቆያል። ውሃ ደሴ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፣ ኮምቦልቻ ላይ 94 አካባቢ። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ነው።

ኦቶክሌቭም ከዚህ አያመልጥም። ትልልቆቹ በሙቀት ሴንሰር ስለሚሠሩ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ትንንሾቹ፣ በምድጃ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሞቁትና ሰዓት የመሰለ የግፊት ጌጅ ያላቸው፣ አያስተካክሉም። መጽሐፋቸው ግፊቱ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሲደርስ 121 ዲግሪ ነው ይላል። ያ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ደሴ ላይ ጌጁ 15 ሲያሳይ ውስጡ 117 ገደማ ነው። 121 ለመድረስ ደሴ ላይ 19፣ ኮምቦልቻ ላይ 18 ገደማ ያስፈልጋል። ዕቃው የተሠራበትን የግፊት ጣሪያ ሳያልፉ ማለት ነው። እንግዲህ ሳናውቀው አስቀድሞ የቀነስነው ሙቀት አለ። ከዚያ ላይ ሌላ ቀንሱ ማለት አደጋ ነው። ጌጁን ብቻ አትመኑ። ቴርሞሜትሩን እዩ፣ በየጥቅሉ ውስጥ ሙቀቱ መድረሱን የሚያሳይ ኢንዲኬተር ክተቱ፣ በስፖር የሚሠራውን ፈተናም በጊዜው አድርጉ።

አንድ መሣሪያ ይህን ሙቀት አይችልም ከተባለ ሌላ መንገድ አለ። ኤቲሊን ኦክሳይድ ጋዝ አለ፣ በ50 ዲግሪ አካባቢ የሚሠራ የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ፕላዝማ አለ። ሁለቱም ውድ ናቸው፣ የራሳቸው ጥንቃቄም አላቸው። አምራቹ ፈቅዶ ከሆነ ጥሩ። ሙቀት ቀንሶ በእንፋሎት ማድረግ ግን ሁለቱንም ማጣት ነው፦ ጀርሙ አይሞትም፣ እርጥበቱም አይቀርም። ጸሐፊው ያላነሱትን ባትሪም በአንድ ቃል ልለፍ። ለኦቶክሌቭ ተብሎ ያልተሠራ የሊቲየም ባትሪ እዚያ ውስጥ አይገባም። ሊፈነዳ ይችላል።

ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ የምስማማበት አንድ ቦታ አለ። ማድረቅ ይረሳል ብለዋል። ልክ ናቸው። ይህንንም ሰፋ አድርገው ቢጽፉት ኖሮ እኔ ይህን ምላሽ አልጽፍም ነበር።

ክረምት ላይ ደሴን አስቡት። ሐምሌና ነሐሴ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይውላል፣ ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ ሁለት ቀን አይደርቅም። ከኦቶክሌቭ የወጣ ትኩስ ጥቅል በዚህ አየር ቀዝቃዛ የብረት መደርደሪያ ላይ ከተጣለ ሥሩ ያልበዋል። እርጥብ ጥቅል ደግሞ ስቴራይል አይባልም። የማድረቂያው ጊዜ ሳያልቅ በሩ አይከፈትም፣ ሰው ቢቸኩልም። ከወጣ በኋላ ጨርቅ በተነጠፈበት ወይም ወንፊት በሆነ መደርደሪያ ላይ፣ ሳይደራረብ፣ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። ድሪሉ የሚከፈት ክዳን ካለውና አምራቹ ከፈቀደ ክዳኑ ተከፍቶ ይግባ። እንፋሎት በሰፊ በር ከገባ በሰፊ በር ይወጣል። የታፈነው ነው የሚቀረው።

እኔ ደግሞ አንድ ቀላል ነገር እሠራለሁ። ድሪሉ አዲስ ሳለ ወይም ጎሚኒው ተቀይሮ በደንብ ሲደርቅ በዲጂታል ሚዛን እመዝነዋለሁ። ክብደቱን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ በየሳምንቱ ከኦቶክሌቭ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ይመዘናል። ጥቂት ግራም ከጨመረ ውሃ ገብቷል ብዬ እጠረጥራለሁ። ቦርዱ ከመሞቱ በፊት እናውቃለን ማለት ነው። ደብተሩ የተማሪ ደብተር ነው።

ይህ ወደ መጨረሻው ነጥብ ያመጣኛል። ደመወዝ ይቆረጥ ወደሚለው።

ያቺን የመጀመሪያዋን ድሪል ዘፍዝፋለች የተባለችውን ሴት አውቃታለሁ። እኔ እታለም ነው የምላት። በዚያ ሰሞን ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎባት ነበር። ሦስት ልጆች አሏት። ስትጠየቅ «እኔ እንኳን ልዘፈዝፈው ክዳኑን ሳላጠብቅ ቧንቧ ሥር አላስጠጋውም» ብላ ነበር። ማንም አልሰማትም። እኔ የከፈትኩትን ቦርድ፣ ሳሙና የሌለበትን ጠብታ፣ ያለቀውን የዘንግ ጎሚኒ ይዤ ሄጄ ለኃላፊው አሳየሁ። ጎሚኒው ስንት ዙር እንደሠራ የተጻፈበት አንድም ወረቀት አልነበረም። ማንም ቀይሩት ብሎ አያውቅም። ደብዳቤው ተነሳ።

ደመወዝ ቢቆረጥ ምን ይመጣል? የሚያጥበው ሰው መሣሪያ ሲሰነጠቅ ይደብቃል። ክዳኑ ሲላላ አይናገርም። ድሪሉን ከሁላችንም በላይ የሚነካው እሱ ነው። በየቀኑ ክብደቱን በእጁ ያውቀዋል፣ ድምፁን ያውቀዋል። ሐኪሙ የሚያየው በኦፕሬሽን ሰዓት ነው። እኔ የማየው ከሞተ በኋላ ነው። እሱ ዝም ካለ የቀረን ጆሮ የለም።

እታለም አሁን ሚዛኑን የምትይዘው እሷ ናት። ደብተሩም በእጇ ነው። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ስገባ አንዷን ድሪል ለብቻዋ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። «ወንድምዓለም፣ ይቺኛዋ ዛሬ ድምፅዋ ልክ አይደለም። ሚዛኗም ጨምሯል» አለችኝ። ከፈትኳት። ክዳኑ ሥር ላብ አለ። ቦርዱን ገና አልነካውም። የዘንጉን ጎሚኒ ቀየርኩ፣ አደረቅኳት፣ አብረን መዘንናት። እታለም ቁጥሩን ጻፈች። ሐሙስ ዕለት ድሪሏ ኦፕሬሽን ገባች።